ጠፍር በበረዶ ላይ

በ6ኛው መቶ ዘመን፣ አፄ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ለመዝመት ሲሰናዱ፣ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ላይ አንድ የእብነ በረድ ዙፋን አየ። በላዩ በግሪክኛ የተቀረጸውን ጽሑፍም ገለበጠው። ዙፋኑ ጠፍቷል፤ ግልባጩ ግን ደርሶናል። ያስቀረጸው ከካሌብ በፊት የነበረ፣ ስሙ ሳይደርሰን የቀረ የአክሱም ንጉሥ ነው። ዘመቻዎቹን ሲዘረዝር ስሜን ላይ ይደርስና፣ ተራሮቹ ብርድና ውርጭ የማይለያቸው መሆናቸውን፣ በረዶውም ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት እንደ ነበር ይናገራል።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ወታደሮቹ እግር ነው። እስከ ጉልበት በሚያሰጥም በረዶ ውስጥ የሚሄድ ሰው ለእያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዴ ሲረግጥ፣ አንዴ እግሩን ሲነቅል። ጥቂት መቶ ሜትር የጎበዝ ወገብ ይቆርጣል። በረዶ የማይለያቸው አገሮች ሰዎች ለዚህ መላ ያበጁት ከአክሱም ብቻ ሳይሆን ከግብፅ ፒራሚዶችም በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሞኔ ባርቶሊኒ የሚባል ጣሊያናዊ የካርታ ባለሙያ፣ በጣሊያንና በኦስትሪያ ድንበር ከ3,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የበረዶ ግግር አጠገብ፣ የጎበጠ የበርች እንጨትና የታሰረበትን ገመድ አገኘ። የቅርብ ዘመን ገበሬ ዕቃ መስሎት ለዓመታት ቢሮው አስቀመጠው። ሲመረመር ዕድሜው 5,800 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ። የበረዶ መራመጃ ነበር፤ እግር የሚረግጥበትን ቦታ አስፍቶ ሰውን ከበረዶው በላይ የሚያቆም።

ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም። እያደር የረቀቀው የሠሪው እጅ ነው፤ እኔም ልናገር የፈለግሁት ስለዚያ እጅ ነው።

ላፍቶ፣ አጎቴ ቤት፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ ጥንድ የበረዶ መራመጃ ተሰቅሏል። አጎቴ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ብዙ ዓመት ኖረው ጠቅልለው ሲገቡ ይዘውት መጡ። ሠፈራችን በረዶን የሚያውቀው በክረምት ቆርቆሮ ላይ ሲንጣጣ ብቻ ነውና፣ የሚገባ እንግዳ ሁሉ ዓይኑን ይጥልበታል። ወጣቱ «ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በዕድሜ የገፉት ግን ከመጠየቃቸው በፊት ጠጋ ብለው ጠፍሩን በጣታቸው ይነካሉ። ጠፍር አልጋ ላይ ተኝቶ ያደገ ሰው የሚነካውን ያውቃል።

ርዝመቱ አንድ ሜትር ከአርባ ነው። ወገቡ ላይ ከስንዝር ጥቂት ይሰፋል፤ ሁለቱም ጫፉ ሾጣጣ ሲሆን የፊተኛው ወደ ላይ ቀና ብሏል። ይህ በሱፒሪየር ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት የኦጂብዌ ሕዝቦች ቅርጽ ነው። ሌሎች ሕዝቦች ሌላ ቅርጽ አላቸው፤ ቁጥቋጦ በበዛበት ጫካ ክብና አጭር፣ በሜዳ ላይ ረጅም፣ እንደየአገሩ በረዶና ዛፍ። ሰባ አምስት ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም፣ የጫማው ሶል በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ 250 ግራም ያሳርፋል። በዚህ መራመጃ ላይ ሲቆም ያው ክብደት ወደ 35 ግራም ይወርዳል። ጥንዱ ራሱ ግን በአንድ እጅ ብድግ የሚል ነው።

እንጨቱ አሽ የሚባለው ዛፍ ነው። የዕፅዋት አጥኚዎች ከእኛ ወይራ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመድቡታል። አሽ ጅማቱ ቀጥ ያለ፣ ሲመታ የማይሰነጠር፣ በእንፋሎት ሲሞቅ እሺ ብሎ የሚጎብጥ ነው። ጥሩ ሠሪ ግንዱን መጋዝ አያስነካውም፤ በሽብልቅ ይፈልጠዋል። መጋዝ ጅማቱን እያቋረጠ በራሱ መስመር ይሄዳል፤ ሽብልቅ ግን ጅማቱ በመራው ይከተላል። የአጎቴን መራመጃ መስኮት አጠገብ ይዤ ብርሃን ሳሳየው፣ ከፊት ጫፍ የተነሣው ቀጭን መስመር በጎኑ ዞሮ፣ ወገቡ ላይ ሰፍቶ፣ እስከ ጭራው ሳይቋረጥ ይደርሳል። አንድም ጅማት በጠርዙ በኩል ተቆርጦ አልወጣም። ሲጎብጥ የሚሰበር እንጨት የሚሰበረው እንዲህ ያለ የተቆረጠ ጅማት ባለበት ነው።

ውፍረቱም አንድ ወጥ አይደለም። ጫፎቹ አካባቢ፣ መጉበጥ ባለበት፣ በቢላዋ ሳስቷል፤ እግር በሚያርፍበት ደግሞ ሙሉ ነው። ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ዓይን አያየውም፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ግን ያገኙታል። እንጨት ለማጉበጥ የሚሰጠው የእንፋሎት ጊዜ ለሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከእንፋሎቱ ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ግን አጭር ነው፤ ሳይበርድ በቅርጹ ላይ ተወጥሮ መታሰር አለበት። ብዙዎቹ ቅርጾች አንድ ረጅም እንጨት ከፊት በኩል ዞሮ ጫፎቹ ከኋላ የሚገናኙበት ናቸውና ፊታቸው ላይ ጠንካራ እጥፋት አለ። ኦጂብዌዎቹ ሁለት እንጨት ወስደው ከፊትም ከኋላም አጋጠሟቸው። እያንዳንዱ እንጨት የሚጠየቀው ለስላሳ ጉብጠት ብቻ ሆነ፤ ከፊት የተገኘው ሹል ጫፍም በረዶውንና ቅርንጫፉን እየሰነጠቀ መንገድ ያወጣል። ማስገደዱን መተው የተሻለ ዕቃ ወለደ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ብልኅነት በእንጨት ሥራ ውስጥ ብዙ አላየሁም።

ሁለት አግዳሚዎች ክፈፉን ለሦስት ክፍል ይከፍሉታል፤ ፊት፣ ወገብ፣ ጭራ። የአግዳሚዎቹ ጫፎች በክፈፉ ውስጥ ተፈልፍሎ በተዘጋጀላቸው ቦታ ገብተዋል። ሚስማርም ማጣበቂያም የለም፤ የሚይዛቸው የጠፍሩ ውጥረት ነው። ጠርዛቸው ሁሉ ክብ ሆኖ ተፍቋል፣ ስለት ያለው ጠርዝ ጠፍር ይበላልና።

አሁን ወደ ጠፈራው። የፊቱና የጭራው ክፍል በቀጭን ጠፍር የተሠራ ነው፤ ከጫማ ማሰሪያ እምብዛም አይወፍርም። የወገቡ ግን ሁለት እጥፍ ይወፍራል፣ ሰውን የሚሸከመው እሱ ነውና። የወገቡ ጠፍር ክፈፉን ራሱን ጠምጥሞ ይዞታል። ከፊትና ከኋላ ግን ጠፍሩ በክፈፉ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው በተበሱ ቀዳዳዎች ያልፋል። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ጎረቤቱ ደግሞ በውጭ በኩል ትንሽ ቦይ ተቆፍሯል፤ ጠፍሩ እዚያ ውስጥ ስለሚተኛ ከእንጨቱ ወለል አይወጣም፤ ድንጋይና ጉቶ አይፍቀውም። ቦዮቹን አንድ በአንድ በጥፍሬ ተከተልኳቸው። ሁሉም እኩል ጥልቀት አላቸው። ከበረዶው በታች ስለሚውሉ ማንም አያያቸውም።

የጠፈራው ጥለት በሦስት አቅጣጫ የሚሄድ ነው። አንዱ መስመር አግድም ይሄዳል፤ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ አጋድለው ይመጡና በመካከላቸው ባለ ስድስት ማዕዘን ክፍተት ይተዋሉ። ጠፍር አልጋ ላይ የለመድነው በሁለት አቅጣጫ የሚተላለፈውን ነው፤ አልጋ አይራመድም፣ ሸክሙ ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው። በረዶ ላይ የሚረግጥ እግር ግን ይገፋል፣ ይጠመዘዛል፣ ወደ ጎን ያዘነብላል። ሦስተኛው አቅጣጫ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ መስመር ሌሎቹን ሁለቱን ስለሚቆልፍ፣ አንዱ ቢበጠስ ጠፈራው አይፈታም። ክፍተቶቹም ሥራ አላቸው፤ እግር ሲነሣ ላይ የተቆለለው በረዶ በእነሱ ይረግፋል።

ከፊተኛው አግዳሚ ኋላ አንድ ሰፋ ያለ ክፍተት ባዶ ተትቷል። ተረከዝ ሲነሣ የእግር ጣቶች ወደ ታች የሚገቡት በእሱ ነው። ከክፍተቱ ኋላ የሚያልፈው ገመድ ከሁሉም የወፈረው ነው፤ ጠፍሩ በላዩ ደጋግሞ ተጠምጥሞ እንደ ጣት ያህል ሆኗል። ከእግር ጣቶች ሥር ያለው ሥጋ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። በየእርምጃው መላው የሰው ክብደት በዚህ ገመድ ላይ ይዞራል። ገመዱ ከጠፋ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

በብዙዎቹ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ክፈፉን የሚሠሩት ወንዶች፣ ጠፈራውን የሚሠሩት ሴቶች ነበሩ። ቆዳው የሙስ፣ የካሪቡ ወይም የአጋዘን ነበር፤ በኋላ የከብትም ገባ። ጸጉሩ ይላጫል፣ ቆዳው ግን አይለፋም። ከዳር ተነሥቶ እየተዞረ ወደ መሀል ይተለተላል፤ ከአንድ ቆዳ ማለቂያ የሌለው የሚመስል ጠፍር ይወጣል። እርጥብ እያለ ይጠፈራል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ክፈፉንም አጥብቆ ይይዛል።

አጎቴ መራመጃውን ካመጡ በኋላ አንድ ክረምት ዕቃ ቤት አስቀምጠውት አይጥ የአንዱን ጭራ በላችው። ያልለፋ ቆዳ ለአይጥ ምግብ ነው፤ በሰሜን አገርም የታወቀ ችግር ነው። መካኒሳ አልጋ የሚጠፍሩ አንድ አዛውንት አሉና ወሰድኩላቸው። ዛሬ ሥራቸው አነስተኛ ነው፤ ስፖንጅና ብረት አልጋ ገበያውን ወስዶታል፤ የሚመጣላቸው አብዛኛው ለባህል ምግብ ቤት የሚሆን ዱካ ነው።

መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አገላበጡት።

«ልጄ፣ ይሄ የምን አልጋ ነው?»

«አልጋ አይደለም አባባ። በረዶ ላይ የሚኬድበት ነው፤ እግር ላይ ይታሰራል።»

መልሱ ብዙም አልደነቃቸውም። ዓይናቸው ጠፍሩ ላይ ነበር። «እኩል ነው የተለተለው» አሉ። «እየው፣ ቋጠሮ የለውም።» በጣታቸው አንድ ቦታ ነኩ። ጠፍሩ አልቆ ሌላ የተቀጠለበት ነበር፤ የሁለቱም ጫፍ በስንጥቅ ተከፍቶ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ ተስቧል፤ ውፍረቱ ከቀረው ጠፍር እምብዛም አይለይም። «እኛም እንዲህ ነው የምንቀጥለው። ቋጠሮ ጎን ይወጋል።»

ከቄራ የመጣ የበሬ ቆዳ ቁራጭ ነበራቸው። ውኃ ውስጥ አሳድረውት በማግሥቱ ስሄድ በጠባብ ቢላዋ እየተለተሉት ነበር። ቢላዋው አይንቀሳቀስም፤ በጉልበታቸውና በእንጨት መካከል ቆሟል፤ የሚንቀሳቀሰው ቆዳው ነው፣ የግራ እጃቸው አውራ ጣት ስፋቱን እየለካ። መጀመሪያ ባለ ስድስት ማዕዘኑ መንገድ አስቸገራቸው። ያልተበላውን መራመጃ አጠገባቸው አድርገው፣ በጣታቸው አንዱን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉት፣ ደግሞ ተከተሉት። ከዚያ ዝም ብለው ጀመሩ። «ይሄኛው መጀመሪያ ነው» አሉ በመሀል፤ «አግድሙ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱ ነው የሚያጠብቀው። ያዝልኝ እስቲ፣ ሳብ!» ሳብኩ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲደርቅ በጥፍሬ መታ ሳደርገው፣ አዲሱ ክፍል ከአሮጌው ከፍ ያለ ድምፅ ሰጠ። ዛሬ በቀለም ብቻ ይለያል፤ የመካኒሳው ነጣ ያለ ነው። ሠሪዋ ከሱፒሪየር ሐይቅ ዳር የነበረች ሴት ብትሆን፣ ከእኚህ ሰው ጋር በአንድ ቋንቋ መነጋገር አይችሉም ነበር፤ በሥራ ላይ ግን አንዱ የሌላውን እጅ ለማንበብ ግማሽ ቀን በቂ ነበር።

ዕቃው ለምን እንደ ተሠራ የገባኝ ግን ግድግዳ ላይ ሳየው ሳይሆን አጎቴ ገና ሚኒሶታ ሳሉ፣ ጥር ላይ ሄጄ ስጠይቃቸው ነው። ወደ ሰሜን፣ ሱፒሪየር ዳር ወዳለው የጉስቤሪ ፏፏቴ ፓርክ ወሰዱኝ። ፏፏቴው ቀጥ ብሎ ረግቷል። ከመንገዱ ወጥተን ጥድና በርች ወዳለበት ጫካ ገባን። በረዶው ከወገብ ዝቅ የሚል ነበር፤ አጎቴ ዱላቸውን ሲሰዱት አብዛኛውን ዋጠው። መራመጃውን አስረን ስንነሣ ጥቂት ጣት ያህል ብቻ ሰመጥን።

መጀመሪያ የሚገርመው እግርን እንደ ፈረስ ጋላቢ ማራራቅ አለማስፈለጉ ነው። የአንዱ ሰፊ ወገብ በሌላው ጠባብ ጭራ አጠገብ እንዲያልፍ ሆኖ ነው የተቀረጸው፤ ስለዚህ እንደ ልማድህ ትራመዳለህ። ሁለተኛው ጭራው ነው። ከፊት ይልቅ ከኋላ ስለሚከብድ፣ እግር ሲነሣ ፊቱ ራሱ ቀና ይላል፤ ጭራው በረዶው ላይ እየተጎተተ መስመር ያስጠብቃል። ጣት ወደ ክፍተቱ ይገባል፣ ወፍራሙ ገመድ ላይ ትዞራለህ፣ ትሄዳለህ። ሠሪው ያሰበው ሁሉ ከሥርህ ይሠራል፤ አንተ ስለ እግርህ ማሰብ ትተህ ቀና ብለህ ጫካውን ታያለህ።

ጫካውም ዝም ያለ ነው። አዲስ የወረደ በረዶ ከአሥር እጁ ዘጠኙ አየር ነውና ድምፅን ውጦ ያስቀራል። አጎቴ አሥር ሜትር ቀድመውኝ ሲናገሩ ድምፃቸው ከጎረቤት ክፍል የሚመጣ ይመስል ነበር። የሚሰማው የጠፍሩ ሲጥ ሲጥ ማለትና ጭራዎቹ በረዶውን ሲፍቁ ብቻ ነው። ከመንገዳችን ጎን የአንድ ጥንቸል ዱካ ነበር። የዚያ አገር ጥንቸል በክረምት ይነጣል፤ የኋላ እግሮቹም ሰፋፊና ጸጉራም ናቸው። በረዶው ላይ አልሰመጠም።

በረዶ ላይ ስላለ ኢትዮጵያዊ ሲነሣ ስሙ የሚጠራው ሮቤል ተክለማርያም ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ደገመው። አዲስ አበባ ሲመጣ በጎማ በሚሄድ ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። እሱ የሚንሸራተት ነው፤ የእኛ የአጎቴና የእኔ ጉዞ የእግረኛ ነው፤ ቀርፋፋ፣ ቆም ቆም የሚባልበት። ለእንዲህ ያለው ጫካ የሚስማማው ይሄኛው ይመስለኛል።

ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው መራመጃ ክፈፉ አሉሚኒየም፣ ወለሉ ፕላስቲክ ነው፤ ከሥሩም የብረት ጥርስ አለው። ዳገት ላይ፣ የረጋና የሚያዳልጥ በረዶ ላይ እሱ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይገባም። ጠፍር ደግሞ እርጥበት ጠላቱ ነው፤ ቫርኒሽ ካልተቀባና በረዶው ሟሟ ሲል ከተሄደበት ይረግባል። ግን በከባዱ ክረምት፣ በረዶው ደረቅና ልል በሆነበት፣ የጫካ ሜዳ ላይ፣ አሉሚኒየሙ አጭር ስለሆነ የበለጠ ይሰምጣል፤ ፕላስቲኩም ሲመታ ይንኳኳል። አጎቴ ሁለቱንም አድርገው ያውቃሉ። ይዘው የመጡት የትኛውን እንደ ሆነ ግድግዳቸው ይናገራል።

የሚያሳዝነው እንጨቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን፣ ዲትሮይት አካባቢ፣ ከእስያ የገባ አንድ አረንጓዴ ጥንዚዛ ተገኘ። እጮቹ ከአሽ ቅርፊት ሥር ገብተው ዛፉ ውኃና ምግብ የሚያዘዋውርበትን ይበላሉ። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዛፍ ደርቋል። በ2009 ሴንት ፖል ደረሰ፤ የአጎቴ ጎዳና ዳር ዳሩን የያዙት አሾች ተራ በተራ ተቆረጡ። ቀጥ ያለ ጅማት ያለው ወፍራም ግንድ ለሚሻ መራመጃ ሠሪ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

ይህንን ለመካኒሳው አዛውንት ስነግራቸው የጭራውን ጠፍር እየቆረጡ ነበር። እጃቸውን አላቆሙም።

«ወይራስ?» አሉ።

ዘመዱ መሆኑን ነገርኳቸው።

«ዘመዱ ቢሆንም ይከብዳል፤ መጉበጥም አይወድ። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ግን ለዚህ ጉልበት የለውም።» ትንሽ አሰቡ። «ቀርከሃ ነው የሚሆነው። እሱ በእሳት ሲያዩት ይታጠፋል፤ የአዊ ሰዎች ይሄን ያውቁበታል።»

ጃፓኖች ካንጂኪ የሚሉትን አጭር የበረዶ መራመጃ በቀርከሃም ይሠሩታል አልኳቸው። ካንጂኪው ጠፍር እንዳለው፣ በስንት አግዳሚ እንደ ተያዘ፣ ቀርከሃው ሙሉውን ይሁን ተፈልጦ እንደሚጎብጥ ጠየቁኝ፤ ፎቶውን በስልኬ ፈልጌ አሳየኋቸው።